ዓሣው ባይነቃስ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልትጨርሱት የምትጓጉለት፣ ስትጨርሱት ግን የሚጠፋ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ወንድሜን ገጥሞት ነበር። ያኔ እኔ ልጅ ስለነበርኩ ፈሪ ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም ቁም ሳጥን ስበረብር ከአሮጌ ፎቶዎች ሥር አንድ ግራጫ ጡብ አገኘሁ። አጎታችን ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን የመጣው ጌም ቦይ ነው። ከጀርባው አሁንም አንዲት ካሴት ተሰክታበታለች፤ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ሊንክስ አዌክኒንግ» የምትባለው። አራት ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ከተትኩበትና ማብሪያውን ገፋሁት። በራ!

ስለዚህች ጡብ ትንሽ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጌም ቦይ በ1989 ከጃፓኑ ኒንቴንዶ ሲወጣ ስክሪኑ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለው አራት ዓይነት አረንጓዴ መሳይ ጥላ ብቻ ነው። መብራትም የለውም። በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ ሊንክስ ባለ ቀለም ነበር። ታዲያ እንዴት አሸነፈ? ሥራውን የመራው ጉንፔ ዮኮይ አንድ እምነት ነበረው፤ አዲስ ነገር ለመፍጠር የግድ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፣ ርካሽና የተፈተነውን በአዲስ መንገድ መጠቀም ይበቃል የሚል። ባለ ቀለሞቹ ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ሲውጡ፣ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ድንጋይ ሲያልቅበት ፀሐይ ላይ ያሰጣ፣ አልሆን ሲልም በጥርሱ የነከሰ ልጅ የዮኮይን ብልሃት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ጌም ቦይና ተከታዩ ጌም ቦይ ከለር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

ጌሙ ደግሞ የተወለደው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ካዙአኪ ሞሪታ የሚባል ፕሮግራመር በዚያች ትንሽ ማሽን ላይ ዜልዳን የመሰለ ነገር መሞካከር ጀመረ። ሌሎችም የቀን ሥራቸውን እየጨረሱ ተቀላቀሉት። ዳይሬክተሩ ታካሺ ቴዙካ በኋላ እንደተናገረው፣ ነገሩ ሁሉ ከትምህርት በኋላ እንደሚሰበሰብ ክበብ ነበር። በዘመኑ መነጋገሪያ የነበረው «ትዊን ፒክስ» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ቴዙካን ማርኮት ስለነበር፣ የእሱም ጌም ጥቂት ግን ግራ የሚያጋቡ ሰዎች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር እንዲሆን ፈለገ። ታሪኩን ዮሺአኪ ኮይዙሚ እና ኬንሱኬ ታናቤ ጻፉት። በ1993 ወጣ።

እውነትም ግራ የሚያጋቡ ናቸው! ሊንክ የተባለው ጀግና መርከቡ በማዕበል ተሰባብራ ኮሆሊንት የምትባል ደሴት ላይ ይወድቃል። ማሪን የምትባል ዘፋኝ ልጅ ከባሕሩ ዳር አንስታ ታድነዋለች። ደሴቷ ላይ ለአንድ ሰውዬ የፍቅር ደብዳቤ የምትጽፍ ፍየል አለች። ከደብዳቤው ጋር የምትልክለት ፎቶ ግን የራሷ አይደለም፤ የሱፐር ማሪዮዋ ልዕልት ፒች ናት። ፌስቡክ ከመወለዱ አሥር ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ!

ሱቅም አለ። ቀስት 980 ሩፒ ይሸጣል፤ በደሴቷ ኑሮ ያ ብዙ ገንዘብ ነው። ባለሱቁ ፊቱን ሲያዞር ግን ዕቃውን ይዞ መሮጥ ይቻላል። ቅጣቱ ሁለት ነው፦ ተመልሰህ ከገባህ ባለሱቁ ይገድልሃል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ ስምህ «ሌባ» ይሆናል። ሁሉም ሰው በዚያ ስም ይጠራሃል። ወንድሜ ለ980 ሩፒ ትዕግሥት አልነበረውም። ስለዚህ በካሴታችን ላይ የተመዘገበው ስሙ «ሌባ» ነበር።

ሊንክ ከደሴቷ ለመውጣት ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ ተራራው አናት ላይ ባለው ትልቅ እንቁላል ውስጥ የተኛውን የንፋስ ዓሣ መቀስቀስ አለበት። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ አንድ ፍርስራሽ ውስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ ያገኛል። ደሴቷ የዓሣው ሕልም ናት ይላል። ዓሣው ከነቃ መንደሩም፣ ፍየሏም፣ ማሪንም የሉም። እስካሁን ስትገድላቸው የነበሩት ጭራቆች ለካ ዓለማቸውን ለማትረፍ ነው የሚዋጉት። አንተስ ማን ነህ ታዲያ? አዳኝ ወይስ አጥፊ?

ወንድሜ እዚህ ላይ አቆመ። ስምንቱንም መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ እንቁላሉ ድረስ ደርሶ፣ አልገባም አለ። «ከገባሁ ይጠፋሉ» ነው ያለኝ። ከዚያ አድጎ አገር ጥሎ ሄደ፤ ካሴቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረች። ሳስበው ደሴቷን አትርፎ የሄደ ይመስለኝ ነበር።

ካሴቷ በርታ ሳያት ግን የስሞቹ ቦታ ባዶ ነው። «ሌባ» የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጌሙ ራሱ በማይጠፋ ቺፕ ላይ ተጽፏል፤ የተጫዋቹ ጉዞ ግን የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። ያንን በሕይወት የምታቆየው ካሴቷ ውስጥ የተበየደች እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ናት። ዕድሜዋ ሲያልቅ ሁሉም ይሄዳል። ወንድሜ ዓሣውን ባይቀሰቅሰውም ባትሪዋ ቀሰቀሰችው። አልጨርስም ማለት አላዳናቸውም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የድሮው ካሴት ዛሬ አድካሚ ነው። ሁለት ቁልፍ ብቻ ስላለ ለመዝለልም፣ ከባድ ድንጋይ ለማንሳትም በየደቂቃው ዕቃ መቀያየር አለ። በ2019 ለኒንቴንዶ ስዊች እንደ አዲስ ሲሠራ ይህን ችግር አቃለውታል፤ ቀለሙም አሻንጉሊት የመሰለ ውብ ነው። እኔ ግን የፈለግኩት ያችን ግራጫ ጡብ ነበር፤ ጉዞዬ እንዳይጠፋብኝም ቀኑን ሙሉ ሳላጠፋት ዋልኩ። ድሮ እየዘለልኩ ያለፍኩትን የማሪንን ንግግር በዚህ ጊዜ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ወፍ ሆኜ ከደሴቷ ብወጣ ትላለች። ሊንክን የምትለምነውም አድነኝ ብላ አይደለም፤ እንዳይረሳት ብቻ ነው።

እንቁላሉ ውስጥ ገባሁ። ዓሣው ነቃ። ደሴቷ ጠፋች። አንድም ጊዜ ሳይሞት ለጨረሰ ሰው ማሪን ሰማይ ላይ ትታየዋለች፤ እኔ ስንቴ እንደሞትኩ አትጠይቁኝ፤ አላየኋትም።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ጨረስኩት አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ የማሪንን ዜማ በፉጨት አሰማኝ፤ አንድም ኖታ አልሳተም። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ያለ ባትሪ!

«ቀስቱንስ ሰረቅክ?» አለኝ።

«አይ፣ ገዛሁት።»

«ሞኝ!» አለኝ።