ዝሆኑን ሙሉ በሙሉ ያየው ማን ነው?

«ሁሉም ሃይማኖት የሚያደርሰው ወደ አንድ አምላክ ነው፤ የሚለያየው መንገዱ ብቻ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። በለቅሶ ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በታክሲ ውስጥ ይነገራል። የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ወዳድ ሰዎች ናቸው፤ በሃይማኖት ስም የሚነሣ ጠብ ያንገሸገሻቸው ናቸው። እኛም ክፉ ቀን ያልለየንን ሙስሊም ጎረቤታችንን እያሰብን፣ ምን እንደምንመልስ ጠፍቶን ዝም እንላለን። ዝምታችን ፍቅር ነው ወይስ ፍርሃት? ይህን ለመለየት በአንድ ከተማ የኖሩ ሁለት የወንጌል አገልጋዮች ለዚሁ ጥያቄ የሰጡትን ተቃራኒ መልስ እንመልከት።

ከተማዋ በእንግሊዝ አገር የምትገኘው በርሚንግሃም ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቿ ሠራተኛ ስለፈለጉ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ብዙ ሕዝብ ገባባት። አብያተ ክርስቲያናት ብቻ በነበሩባቸው ሰፈሮች መስጊዶች፣ የሂንዱና የሲክ ቤተ መቅደሶች ታዩ። እንግዶቹን በዘረኝነት የሚጠሉም ተነሡ።

በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጆን ሂክ የሚባሉ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይና ፈላስፋ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ሆነው መጡ። ሂክ በወጣትነታቸው የሕግ ተማሪ ሳሉ ኢየሱስን እንደ ጌታቸው የተቀበሉ፣ ወንጌላዊ እምነት የነበራቸው ሰው ናቸው። በርሚንግሃም እንደ ደረሱ ዘረኝነትን ከሚቃወሙት ጋር ተሰለፉ፤ ለእንግዶቹ መብት ቆሙ። ለዚህ እናከብራቸዋለን። በዚህ ሥራ ምክንያት ወደ መስጊድ፣ ወደ ምኩራብ፣ ወደ ሂንዱና ሲክ ቤተ መቅደስ ይገቡ ነበር። በዚያም ልባቸውን ወደ ላይ አንሥተው የሚጸልዩ፣ ጽድቅንና ምሕረትን የሚሹ ሰዎችን አዩ። በሁሉም ቦታ የሚሆነው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው ብለው ደመደሙ።

ከዚህም ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ሰው የሚይዘው ሃይማኖት በአብዛኛው የተወለደበት ቤት ሃይማኖት ነው። በታይላንድ የተወለደ ቡድሂስት፣ በፓኪስታን የተወለደ ሙስሊም ይሆናል። እግዚአብሔር ፍቅር ከሆነ መዳንን እንዴት በአንድ ሃይማኖት ብቻ ይወስነዋል? ወገኖች፣ ይህን ጥያቄ በቀልድ አናልፈው። ብዙ ቅን ሰዎች ሌሊት የሚያስቡት ጥያቄ ነው።

ሂክ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ መልሳቸውን በኮፐርኒከስ መሰሉት። ኮፐርኒከስ ፀሐይ በምድር ዙሪያ ሳይሆን ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር እንዳስተማረ፣ እንዲሁ ክርስትናን ከመካከል አንሥተን እግዚአብሔርን በመካከል እናድርግ፤ ሃይማኖቶች ሁሉ በእርሱ ዙሪያ የሚዞሩ ይሁኑ አሉ። ይህ ትምህርት ብዝኀነት ይባላል። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን በመካከል የቆመው የኢየሱስ ክርስቶስ አባት ከሆነ፣ ፈጣሪ አምላክ የሌለው ቡድሂስት የት ይቆማል? ስለዚህ ሂክ ቀስ በቀስ «እግዚአብሔር» ማለትን ትተው በመካከል ያለውን ማንም በስም ሊያውቀው የማይችል «እውኑ» ብለው ጠሩት። በ1977 ደግሞ ከሌሎች ስድስት ጸሐፊዎች ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ቃል ሥጋ ሆነ የሚለው እምነት ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፣ እንደ ታሪክ እውነት ሊወሰድ አይገባም አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጉዞው የጀመረው ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ቅን በመሆን ነበር፤ ያበቃው ኢየሱስን ከዙፋኑ በማውረድ ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እግዚአብሔር በእውነት ሰው ሆኖ ወደ እኛ መጥቶ ከሆነ፣ ያ መምጣት ከብዙዎቹ መንገዶች አንዱ ሊባል አይችልም። ሁሉም መንገድ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ግን መምጣቱ መካድ አለበት።

ሁለተኛው ሰው ሌስሊ ኒውቢጊን ናቸው። በ1936 ሚስዮናዊ ሆነው ከስኮትላንድ ወደ ሕንድ ሄዱ። ታሚል ቋንቋ ተማሩ፤ በ1947 የደቡብ ሕንድ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ጳጳሳት አንዱ ሆኑ። ሌሎች ሃይማኖቶችን የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ካንቺፑራም በምትባለው የሂንዱዎች ቅዱስ ከተማ ሳሉ በየሳምንቱ አንድ ምሽት በአንድ የሂንዱ ገዳም መሬት ላይ ተቀምጠው ከመነኮሳቱ ጋር ያጠኑ ነበር፤ ተራ በተራ የእነርሱን ቅዱሳት መጻሕፍትና የዮሐንስን ወንጌል ያነብባሉ። በዚያ ገዳም አዳራሽ የታላላቅ የሃይማኖት ሰዎች ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ የኢየሱስም ሥዕል በመካከላቸው ነበረ። በየገና በዓሉም በሥዕሉ ፊት አምልኮ ይቀርብ ነበር። ይህን ያየ ሚስዮናዊ ደስ ሊለው የሚገባ ይመስላል። ኒውቢጊን ግን አንድ ነገር ገባቸው፤ ኢየሱስ ተቀባይነት ያገኘው ምንም ነገር እንዳይለውጥ ተደርጎ ነው። በተዘጋጀለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ግን እንደ ነበረ ነው።

በ1974 ኒውቢጊንና ባለቤታቸው ከሕንድ ወደ እንግሊዝ በአውቶቡስ እየተሳፈሩ በየብስ ተመለሱ። በመንገዳቸው በየደረሱበት ከክርስቲያኖች ጋር ያመልኩ ነበር፤ አንድ እሑድ ግን ሁለቱ ብቻቸውን አመለኩ። ቦታው ቀጰዶቅያ ነበር፤ የታላቁ ባስልዮስና የኑሲሱ ጎርጎርዮስ አገር። ወንጌል በአንድ ምድር ላይ ለዘላለም ሥር ሰድዷል ብሎ የሚመካ ካለ ይህን ያስብ። ከዚያ በኋላ ኒውቢጊን በበርሚንግሃም አስተማሩ። ከጡረታ በኋላም ሊዘጋ የነበረን ትንሽ ጉባኤ በእስር ቤት አጠገብ ባለ ድሃ ሰፈር ተቀብለው አገለገሉ። በዚያ የገጠማቸው የወንጌል ንቀት በሕንድ ካዩት ሁሉ የከፋ እንደ ነበር መስክረዋል።

በ1989 ባሳተሙት መጽሐፋቸው አንድ የቆየ የሕንድ ተረት አንሥተዋል። ዓይነ ስውራን ዝሆን ከበው ይዳስሳሉ። እግሩን የነካው «ምሰሶ ነው» ይላል፤ ጆሮውን የነካው «ሰፌድ ነው» ይላል፤ ጅራቱን የያዘው «ገመድ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሃይማኖቶችም እንዲሁ ናቸው ይባላል፤ እያንዳንዱ ከፊሉን ይዟል፣ ሙሉውን ያየ የለም። ኒውቢጊን ግን ጠየቁ፦ ተረቱን የሚነግረን ማን ነው? ዓይነ ስውራኑን ቆሞ የሚመለከት፣ ዓይኑ የበራለት ንጉሥ ነው! እርሱ ዝሆኑን ባያይ ኖሮ ሌሎቹ ከፊሉን ብቻ እንደያዙ በምን ያውቃል? ሂክ በበኩላቸው ሐሳባቸው ሃይማኖቶችን አጥንተው የደረሱበት መላ ምት እንጂ ከላይ የታየ ራእይ እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር። ሆኖም «ማንም ሙሉውን አላየም» የሚል ሰው ነቢያትንም ሐዋርያትንም፣ ሙስሊሙንም ሂንዱውንም ከሚያምኑት በላይ እኔ አውቅላቸዋለሁ ማለቱ አይቀርም። ትሑት የሚመስለው አባባል በውስጡ የንጉሡን ወንበር ይዟል።

እኛስ ንጉሡ ነን? አይደለንም። ክርስቲያንም ዓይነ ስውር ነበር። የምንናገረው ዝሆኑን ዳስሰን ስለደረስንበት አይደለም፤ ዓይናችንን የከፈተ ስላገኘን ነው። ወንጌል የፍልስፍና ግኝት ሳይሆን የሆነ ነገር ዜና ነው፤ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን አንድ ሰው ተሰቀለ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ዜና እውነት ነው ወይም አይደለም፤ እውነት ከሆነ ግን ለሁሉም ይነገራል። በምስክርነቱ መመካት አይቻልም፤ መደበቅም አይቻልም።

ጳውሎስ በአቴና ያደረገው ይህንኑ ነው (ሐዋ. 17፥16-34)። ከተማዋ በጣዖት መሞላቷ መንፈሱን አናደደው፤ ሰዎቹን ግን አልሰደበም። መሠዊያቸውን ተመለከተ፣ የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ጠቀሰ፣ እግዚአብሔር ከማናቸውም ሩቅ እንዳልሆነ ነገራቸው። በዚያ ግን አላቆመም፤ ስለ ንስሐ፣ ስለ ፍርድና ከሙታን ስለተነሣው ተናገረ። አንዳንዶቹ አፌዙ፤ ሌሎቹ እንደገና እንሰማሃለን አሉ፤ ጥቂቶች አመኑ። አክብሮትና እውነት በአንድ አንደበት ኖሩ።

ታዲያ ወንጌልን ሳይሰሙ የሞቱትስ? ስለ ቁጥሩ አንድ ሰው ጌታን በጠየቀው ጊዜ፣ ጌታ ቁጥር አልነገረውም፤ አንተ በጠባቡ በር ለመግባት ተጋደል የሚል መልስ ሰጠው (ሉቃ. 13፥23-24)። ኒውቢጊንም በዚህ ጸኑ። መዳን በክርስቶስ ብቻ መሆኑን ሳያወላውሉ መሰከሩ፤ ማን እንደሚድንና እንደማይድን መዝገቡን በእጃቸው ለመያዝ ግን እምቢ አሉ። የምድር ሁሉ ፈራጅ ቅን ፍርድ እንደሚፈርድ አብርሃም አምኗል (ዘፍ. 18፥25)፤ እኛም እናምናለን። የተሰጠን ሥራ መፍረድ ሳይሆን መመስከር ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ ነገ ጎረቤታችሁ «ሁሉም አንድ ነው» ሲላችሁ አትቆጡ፤ አትሽሹም። ስለሚያምነው ጠይቁት፣ በእውነት አድምጡት፤ ከዚያም ኢየሱስ ለእናንተ ያደረገውን ንገሩት። አንተም እየፈለግህ የምታነብ ወዳጃችን፣ ሃይማኖቶችን ከላይ ሆነህ እንድትመዝን አንጠይቅህም። የዮሐንስን ወንጌል ክፈትና ይህ ኢየሱስ ማን እንደሆነ ራስህ ተመልከት።

ጌታ ሆይ፣ በግድግዳችን ላይ ሥዕል አድርገን ሰቅለንህ ከሆነ ይቅር በለን። በቤታችን ንገሥ፤ ስለ አንተም በፍቅርና በድፍረት የምንናገርበትን አንደበት ስጠን። አሜን።