ከቂሳርያ ወደብ እስከ አሩስ፦ እኛም የባሕር ታሪክ አለን

 

ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚደውሉ ዘመዶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ባሕር አጠገብ ነው የምትኖሩት አሉ፤ ታዲያ ወደብ አላችሁ?» ይላሉ። ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት ልጻፍላችሁ።

የኛ ሰፈር ጊቫት ኦልጋ ጥንታዊ ወደብ የላትም። ስሟን ያገኘችው ከአዋላጇ ከኦልጋ ሐንኪን ነው። ባለቤቷ ይሆሹዓ ሐንኪን የሐደራን መሬት ለአይሁድ የገዛው ሰው ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የመብራት ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ ጥንታዊቷ የወደብ ከተማ ቂሳርያ አለች።

ቂሳርያን ከዛሬ 2000 ዓመት በፊት የሠራት ንጉሥ ሄሮድስ ነው። ስሟንም ለሮሙ ቄሣር ለአውግስጦስ ክብር አወጣላት። ቦታው መርከብ የሚጠለልበት ተፈጥሯዊ ወደብ አልነበረውም። ስለዚህ ከጣሊያን፣ ከናፖሊ አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ አስመጥቶ፣ ከኖራና ከድንጋይ ጋር አስቦክቶ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ግንብ ወደ ባሕሩ ዘረጋ። ቲያትር ቤት፣ የፈረስ መሽቀዳደሚያ፣ ከካርሜል ተራራ በኩል ውሃ የሚያመጣ ቦይ ተሠራ። ነጋዴው፣ ወታደሩና መንገደኛው የሚርመሰመስባት ከተማ ሆነች። ዛሬ ያ ግንብ አብዛኛው ከባሕር በታች ነው። በላዩ ምግብ ቤቶችና ሱቆች አሉ፤ ከየአገሩ የመጣ ጎብኚ አሣ እየበላ የፀሐይዋን መጥለቅ ያያል።

ደስ የሚል ቦታ ነው። ነገር ግን በ66 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በዚችው ከተማ በአይሁድና በግሪኮች መካከል የተነሳው ጠብ በሮም ላይ ለተደረገው ታላቅ አመፅ አንዱ መነሻ ነበር። ረቢ አኪቫም የተገደሉት እዚያ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ወደብ ሲባል እንግዲህ ደስታም እንባም አለበት።

ኦልጋም ብትሆን ከዚህ ነገር አልራቀችም። በእንግሊዝ ዘመን እዚህ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጣቢያ ነበር። ሥራውም ከአውሮፓ እልቂት የተረፉትን አይሁድ የጫኑ መርከቦች እንዳይገቡ መጠበቅ ነበር። የፓልማህ ተዋጊዎች በኅዳር 1945 እና በጥር 1946 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጣቢያውን መቱት።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ደገኞች ነን። አባቶቻችን ባሕርን የሚያውቁት ከኦሪትና ከነቢያት ነው፤ ሙሴ የከፈለውን ባሕር፣ ዮናስ ከኢዮጴ ወደብ ተሳፍሮ የሸሸበትን። በ1862 አባ ማሃሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሱ፤ ቀይ ባሕር እንደ ጥንቱ ይከፈልልናል ብለው። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ብዙውን ሰው ጨረሰው። የተረፈው ተመለሰ።

ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ ግን የቀይ ባሕር መንገድ ተከፈተ። በሱዳን ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። የእስራኤል የስለላ ሰዎች የሆቴል ባለቤት መስለው ተከራዩት። ቀን ቀን የአውሮፓ ቱሪስት ይዋኛል፣ ይጠልቃል። ሌሊት ግን ወገኖቻችን ከገዳሪፍ መጠለያዎች በጭነት መኪና መጥተው በጎማ ጀልባ ይወጡና ባት ጋሊም ወደተባለችው መርከብ ይገባሉ። የመጀመሪያው ጉዞ በኅዳር 1981 ነበር። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ከባሕሩ ዳር ደርሰውባቸው ነገሩ ለጥቂት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፕላን ተዞረ።

ይህንን የምጽፈው በምክንያት ነው። የኛ ታሪክ ሲነገር ዘመቻ ሙሴና ዘመቻ ሰለሞን፣ አውሮፕላኑ ብቻ ነው የሚነሳው። በ2019 የወጣው ፊልም ደግሞ ይበልጡን የሚያሳየው የስለላ ሰዎቹን ነው። የሱዳንን መንገድ በመክፈት ትልቁን ድርሻ የነበራቸው ፈረደ አክሉም ግን የራሳችን ሰው ናቸው። በጨለማ ልጅ አዝለው፣ አይተውት የማያውቁትን ማዕበል የደፈሩትም የራሳችን እናቶች ናቸው። ባሕሩን ሳያዩ በመንገድና በሱዳን የቀሩት ወደ 4000 እንደሚሆኑ ይነገራል።

ልጆቻችን ቂሳርያ ሄደው የሄሮድስን ድንጋይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ያንሱ፣ ጥሩ ነው። ግን በመርከብ የመጡት ሽማግሌዎች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ያንሳል። አያት ካላችሁ በዚህ ሰንበት ቡና አፍሉና «በየት በኩል መጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ። የሄሮድስን ታሪክ የጻፈለት ሰው ነበር። የእናቶቻችንን እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

ቸር ይግጠመን፣ በመጠባበቅ ላይ ላላችሁት ዘመዶቻችንም እግዚአብሔር መንገዱን ይክፈትላችሁ።