ስልክ ምንድን ነው? ድምፅስ በሽቦ እንዴት ይሄዳል?
(በሬዲዮ ከተሰጠ የጎልማሶች ትምህርት ንግግር የተጻፈ)

እኔ በትክል ድንጋይ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ስልክ ነው። ስልክ ምን ማለት ነው? የሰው ድምፅ ተራራውንና ገደሉን አልፎ እንዴት ይሄዳል? ወደ አገራችንስ መቼ ገባ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

በመጀመሪያ ግን አንድ የቤተሰቤን ነገር ላጫውታችሁ።

አያቴ ገበሬ ነበሩ። ማንበብ አያውቁም ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከከተማ የመጣ መንገደኛ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጣቸው። የስልክ ጥሪ ወረቀት ነበረች። ያኔ በየቤቱ ስልክ አልነበረም። ሰው በስልክ ሲፈለግ ስሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ይላክለታል። እሱም በቀጠሮው ሰዓት ስልክ ቤት ሄዶ ይጠብቃል።

አያቴ ወረቀቷን አጣጥፈው የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። የሚያነብላቸው ሰው ሳያገኙ እሑድ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለአንድ ደብተራ አሳዩት። ደብተራው አነበበና ትንሽ ዝም አለ። «አባቴ፣ ቀጠሮው እኮ ዓርብ ነበር» አላቸው። የደወለችው አዲስ አበባ የምትኖር እኅታቸው ነበረች። ስልክ ቤት ሄዳ፣ ሒሳብ ከፍላ፣ ስትጠብቅ ቆይታ ተመልሳለች። ከሁለት ወር በኋላ መርዶዋ መጣ። ምን ልትነግራቸው ፈልጋ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ «ሽቦውስ ደርሶልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልደረስሁለት» ይሉ ነበር።

አድማጮቼ፣ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት። በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቃሉ እንሂድ። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው። በዓረብኛ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ፈረንጆች ደግሞ «ቴሌፎን» ይሉታል። ይህ ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ነው፤ ሲተረጎም «የሩቅ ድምፅ» ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ብናገናኛቸው፣ የሩቅ ድምፅ የሚመጣበት ሽቦ ይሆናል።

ስልክን ሠርተው ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይባላል። ቤል በስኮትላንድ ተወልዶ በኋላ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። ሥራው ምን ነበር ብትሉ፣ መምህር ነበር። መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ያስተምር ነበር። እናቱም የመስማት ችግር ነበረባቸው። ድምፅ ምን እንደሆነ ሲመረምር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በመጋቢት ወር 1868 ዓ.ም. በሌላ ክፍል የነበረውን ረዳቱን በሽቦ ጠራው፤ ረዳቱም ቃሉን ለይቶ ሰማ።

ታዲያ ድምፅ ምንድን ነው? እስኪ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «አ» በሉ። ይንቀጠቀጣል፣ አይደለም? ከበሮ ሲመታም ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው። ጉሮሯችን አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ አየሩም የሰሚውን የጆሮ ታምቡር ያንቀጠቅጣል። እንዲህ ስንሰማማ እንኖራለን። ነገር ግን አየሩ ላይ ድምፅ ቶሎ ይደክማል። ከማዶ ላለ ሰው ብንጣራ ይሰማን ይሆናል፤ ከትክል ድንጋይ ተጣርተን ግን ጎንደር አንሰማም።

ልጆች ሁለት ባዶ ጣሳ በሲባጎ አያይዘው ሲጫወቱ አይታችሁ ይሆናል። አንዱ በጣሳው ውስጥ ይናገራል፤ ሌላው የራሱን ጣሳ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሲባጎው ከተወጠረ ይሰማማሉ። ሲባጎው ከረገበ ግን ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ጨዋታ መንቀጥቀጡ ራሱ በክሩ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሩቅ አይደርስም።

የስልክ ሽቦ ግን ከዚህ ይለያል። በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ድምፁ ራሱ አይደለም፤ ኮረንቲ ነው። በቀድሞው ስልክ መናገሪያ ውስጥ አንዲት ስስ ክዳን አለች። ከኋላዋ ደቃቅ የከሰል ቅንጣቶች አሉ፤ በእነሱ መካከል ኮረንቲ ያልፋል። ስንናገር ክዳኗ ትንቀጠቀጣለች። ከሰሉን ስትጫነው ብዙ ኮረንቲ ያልፋል፤ ስትለቀው ጥቂት ያልፋል። ኮረንቲው በድምፃችን ልክ ከፍና ዝቅ እያለ በሽቦው ይጓዛል። እዚያ ማዶ ባለው መስሚያ ውስጥ ደግሞ ማግኔትና አንዲት ስስ ብረት አሉ። ኮረንቲው ሲበዛና ሲያንስ ማግኔቱ ብረቷን ይስባታል፣ ይለቃታል። ብረቷ ትንቀጠቀጣለች፤ አየሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሰሚውም «አቤት፣ ማን ልበል?» ይላል።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንግባ። በ1882 ዓ.ም. ደጃዝማች መኰንን፣ በኋላ ራስ መኰንን የተባሉት፣ ለመልእክት ከሄዱበት ከኢጣሊያ ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ። መሣሪያው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተተከለ። አካሉ የማይታይ ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ንጉሡን እንደተማጸኑ ይነገራል። እኛ ዛሬ በዚህ መሳቅ የለብንም። ስለ ከሰሉና ስለ ማግኔቱ የነገራቸው አልነበረም። ሰው ያላወቀውን ነገር ይፈራል። ምኒልክ ግን ስልኩን አላስነቀሉም።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሽቦ ተዘረጋ። የአገራችን የስልክ አገልግሎት ዘመን የሚቆጠረው ከ1886 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። በ1890ዎቹ ደግሞ ሌላ መስመር ወደ ሰሜን፣ እስከ አስመራ ተዘረጋ። ሥራው ቀላል አልነበረም። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ሽቦውን የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። ድምፁም በሩቅ መንገድ ይደክማል። ስለዚህ በየጣቢያው የተቀመጠው ስልከኛ የሰማውን ለሚቀጥለው ጣቢያ ያቀብል ነበር።

ጥቅሙ ምን ነበር? እስኪ እናስላው። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሳይደክም መሄድ ቢችል እንኳ ከአዲስ አበባ ሐረር ለመድረስ 23 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ነጋዴ በበቅሎ ሲሄድ ደግሞ ሳምንታት ይወስድበታል። በሽቦው ግን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም። የጦር ወሬ፣ የንጉሥ ትእዛዝ፣ የገበያ ዋጋ በዚያው ቀን ይደርስ ጀመር።

በ1945 ዓ.ም. ሥራውን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሞባይል ወደ አገራችን ገባ። ሞባይል ሽቦ የለውም፤ ድምፃችሁን የሚልከው እንደዚህ ሬዲዮ በሞገድ ነው። ሞገዱን በአቅራቢያችሁ ያለው ማማ ይቀበልና ያሻግረዋል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ስልክ ነው፤ ሽቦው ሲቀር ስሙ አልቀረም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምርላችሁ። ሞባይል ድምፃችሁን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በተለመደው የስልክ ንግግር ድምፁን በአንድ ሴኮንድ 8000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። ማዶ ያለው ስልክ ያንን ቁጥር አንብቦ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ፊደልም እንዲሁ ነው። «ሀ» ብላችሁ ስትጽፉ ድምፃችሁን በወረቀት ታስቀምጣላችሁ፤ ሌላው በሌላ አገር ሲያነበው ድምፃችሁ ይነሣል።

አሁን ወደ አያቴ ወረቀት እንመለስ። ሽቦው እኅታቸውን ከአዲስ አበባ እኛ አገር ድረስ አምጥቷት ነበር። የጎደለው አንዲት መስመር ማንበብ ብቻ ነው። ዛሬም እንዲሁ ነው። ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የወረደባት አንዲት እናት ከእኔ ዘንድ ትማራለች። ቀድሞ ስልኳን ይዛ «እስቲ ደውልልኝ» እያለች የጎረቤት ልጅ ትለምን ነበር። የእናትና የልጅ ምሥጢር በሰው ፊት ይነገር ነበር። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ከለየች ወዲህ ግን ራሷ ትደውላለች።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። የአንድ ዘመዳችሁን ቁጥር በገዛ እጃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የመደበኛ ስልክ ቁጥር በ011 ከጀመረ አዲስ አበባ ነው፤ በ025 ከጀመረ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ነው፤ በ058 ከጀመረ የእኛው የጎንደርና የባሕር ዳር አካባቢ ነው። ከዚያ ማንንም ሳትለምኑ ደውሉ። ማዶ ያለው «ማን ደወለልህ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ «እኔው ራሴ» በሉት።

ለዛሬ በዚሁ ይበቃናል። ደኅና ሰንብቱ።