ደጋሹን ማን ይይዘዋል?

በጋሞ ደጋ በሚገኘው ዶርዜ «ሀለቃ» ተብሎ የሚሾም ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ሕዝብ ፊት ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ምልክትና ትርጉም ሲከራከር ይህን ቅቤ በምሳሌነት ያነሣዋል። እንግዳውን የሚያስገርመው ቅቤው ቢሆንም ተሿሚውን እንቅልፍ የሚነሣው ሌላ ነው፤ ድግሱ። ለዓመታት በሽመናና በንግድ ያጠራቀመው ጥሪት በጥቂት ቀናት ውስጥ በአገሬው ይበላል፣ ይጠጣል። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ስለዚሁ ልማድ ለጻፉት ጥናት የሰጡት ርእስ ደጋሽን ስለ መያዝ ይናገራል። አጋነኑ አይባልም። ሀብት ያፈራ ጎልማሳ ሹመቱን ሊሸሽ ይሞክራል፣ ሸንጎው ደግሞ ያለበት ድረስ ሄዶ ይይዘዋል።

ይህ መያዝ በጋሞ ደጋ የወንድን ልጅ ሕይወት ሲገዛ የኖረ ነገር ነው። ጎረምሳው ሲያገባ፣ አባወራው ሲከብር፣ ታማሚው ሲጨንቀው ማኅበረሰቡ ራሱ መጥቶ ይጠይቀዋል እንጂ «ችግር አለብኝ» እስኪል አይጠብቀውም። ልማዱ መድኃኒትም ቀንበርም ነበር። ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት ግን ጥቂት በጥቂት ላልቷል።

የጋሞ ደጋ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው የጉጌ ተራራ ይዘልቃል። በጥንቱ አከፋፈል በደጋው ላይ አርባ ያህል «ደሬ» የሚባሉ ማኅበረሰቦች ነበሩ። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎና ቦንኬ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ደሬ መሥዋዕት የሚያቀርብ ካዎ፣ በሸንጎ የሚመረጡ ሀለቆችና «ዱቡሻ» የሚባል የስብሰባ ሜዳ ነበረው። የኦቾሎን ሸንጎ ያጠናው ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ በድንጋይ መቀመጫዎች ላይ ተሰይመው ነገር የሚያብላሉ ወንዶችን አሳይቷል። የመሬት ክርክር፣ የጋብቻ ጠብ፣ የድንበር ጉዳይ ሁሉ እዚያው ይታያል። የተገኘው ሁሉ እስኪስማማ ድረስም ጉዳዩ አይቋጭም።

ዱቡሻ የሚወጣው ነገር ግን የመሬት ሙግት ብቻ አልነበረም። የሰው ልጅ መታመም፣ የላም ወተት መንጠፍ፣ የገብስ ማሳ መምከን ከጀርባቸው «ጎሜ» አለባቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ጎሜ ወግ በመጣስ የሚመጣ ጥፋት ነው። ከአባት ጋር ተጣልቶ ሳይታረቁ መኖር፣ ለታናሽ የሚገባውን መከልከል፣ ታላቁ ሳይዘራ ቀድሞ መዝራት፣ ባልንጀራን መበደል ሁሉ ጎሜ ያስከትላል። ቤቱ መከራ የገባበት ሰው ወደ ጠንቋይ ይሄዳል፣ ወይም ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ይጠይቁታል። ከማን ተጣልተሃል? ምን ደብቀሃል? ያላካፈልከው ምን አለ? ጥፋቱ እስኪገኝ ጥያቄው ይቀጥላል። ሰውየው የደበቀውን ይናገራል፣ ከተጣላው ጋር ይታረቃል፣ በግ ይታረዳል።

በዛሬ ዓይን ይህ ከምክር አገልግሎት ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነገር አለው። ደረቱ የሚጨንቀው፣ ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ይደረጋል። ከእሱ ጋር የተኳረፉ ሰዎችም አብረው ይጠራሉ፣ ሸክሙም የቤተሰቡ ሁሉ ይሆናል። ልዩነቱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነው፤ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፣ ተጠያቂውም «ያጠፋሁት የለም» ብሎ በነፃ ሊሰናበት አይችልም። ልጁ በወባ ሲሞትበት ጥፋቱን ከራሱ ሲፈልግ የሚያድር አባት ጎሜ ጭንቀቱን እንዳቀለለለት ሁሉ ጭንቀት የጨመረበትም ጊዜ ነበር።

ታላቅ ወንድም መሆንም የራሱ ዕዳ ነበረው። «ባይራ» የሚባለው የበኩር ልጅ ለታናናሾቹ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ዘር ለመዝራትም እሱ ይቀድማል። እሱ ካጠፋ የሚታመመው ታናሹ ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ላይ ግን ወንዱ ኀዘኑን በይፋ የሚያወጣበት ሜዳ ነበረው፤ ጦሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ሟቹን ያነሣል፣ ያለቅሳል። የባህል ተመራማሪው አርኖልድ ቫን ጌኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 የሰው ልጅ የሕይወት ሽግግር መለየት፣ መሐል መቆየትና መመለስ በሚሉ ሦስት እርምጃዎች እንደሚከናወን ሲጽፍ የጋሞን ደጋ አያውቀውም ነበር። ቢያውቀው ኖሮ ምሳሌ ባልቸገረው ነበር።

ዱቡሻው ሁሉን አያስቀምጥም ነበር። ሴቶች በሸንጎው ድምፅ አልነበራቸውም። «ማና» የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና «ደጋላ» የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ደግሞ ከሹመቱም፣ ከጋብቻውም፣ አብሮ ከመብላቱም የተገለሉ ነበሩ። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ስለ ተገለሉ የኢትዮጵያ ሕዝቦች የሚያወሳ መጽሐፍ ይህን መገለል በስፋት ዘርዝሮታል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሲጨንቀው መጥቶ የሚይዘው ሸንጎ አልነበረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክ ጦር ደጋውን ሲይዝ ጨንቻ የአስተዳደር ከተማ ሆነች። ለግብር ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ወንዱም ሽመናውን ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የተሰባሰቡት የጋሞ ሸማኔዎች ነጠላና ጋቢ፣ በኋላም ጥበብ በመሥራት ከተማዋን አለበሱ። እግሩን ከጉድጓድ ሰድዶ ከማለዳ እስከ ማታ መወርወሪያ የሚወረውር ወንድ የትከሻና የወገብ ሕመም፣ የዓይን ድካም፣ የቤት ኪራይ ዕዳ የዘወትር ጓደኞቹ ሆኑ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ዮርክ ሆኖ በሥራ ብዛት ስለ መቃጠል ሲጽፍ ታካሚ የሚረዱ ባለሙያዎችን እያየ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ድካም በሥራ ቦታ የሚከሰት ነገር እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዘገበው። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ጉዳዩ ስም ሳይወጣለት ከዚያ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር።

ስደቱ ወንዱን ከዱቡሻ አላቀቀው ማለት ግን አይቻልም። መስከረም ሲጠባ ሸማኔው አዲስ ልብስ፣ ለበሬ ቅርጫ የሚሆን ገንዘብ፣ ለእናቱ ስጦታ ይዞ አገሩ ይገባል። «ዮ ማስቃላ» የሚባለው የጋሞ መስቀል የተጣላ የሚታረቅበት፣ አዲስ ሙሽሮችና አዲስ ተሿሚዎች አምረው ገበያ የሚወጡበት በዓል ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ግን መስቀልን ፈርቶ ከተማ ይቀራል፤ ዓመት ሲያልፍ መመለሱ ይበልጥ ይከብደዋል።

ገንዘቡ ደግሞ ሹመቱን ራሱን ለወጠው። ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው የዶኮ ጥናት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ መሥዋዕቱ ብዙም ሳይቀየር ሹመቱ ለምን ይህን ያህል ተቀየረ? መልሷን ያገኘችው በሸንጎው ውስጥ ነው። መሥዋዕት በበኩርነት ስለሚወረስ ማንም አይደራደርበትም። ሹመቱን ግን አማቾች፣ ጎረቤቶችና ባለ ገንዘቦች እየተከራከሩ ያሻሽሉት ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። መሥዋዕትና ሹመት የኋላ ቀር አምልኮ ተብለው ተወገዙ፣ በብዙ ደሬዎችም ተቋረጡ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ አንዳንዱ ሲያንሰራራ ሁለተኛ ማዕበል ተከተለው፤ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት። በጨንቻ አካባቢ የፖም ችግኝ ገበያ ሲደራ ገንዘብ ያገኙ ገበሬዎች ከድግሱ ዕዳ መውጫ ፈለጉ። ፍሪማን በኋላ በጻፈችው ጥናት ብዙዎቹ ያንን መውጫ በአዲሱ ሃይማኖት እንዳገኙ ታስረዳለች፤ አማኝ ለሀለቃነት አይያዝም፣ ጥሪቱም ለቤቱ ይተርፋል። ቤተ ክርስቲያኗ በፈንታዋ ጸሎት፣ ምስክርነትና የኅብረት ስብሰባ አመጣችለት። ኑዛዜው ቀጥሏል፤ አድማጩ ግን ተለውጧል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወደ ቆላው ሲወርድ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተባት፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለደጋው ወጣት አዲስ የሽግግር በር ተገኘ፤ ፈተና። ፈተና ያለፈ ገበያ ዞሮ አይታይም፣ የወደቀም ሽማግሌ አይሰበሰብለትም። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ በአርባ ምንጭ ሲቀላና ሴቻ ሰፈሮች በየትኛው መንገድ እየተንከራተተ እንደሚውል የሚያውቁት ጓደኞቹ ናቸው።

አሮጌው ሥርዓት ግን ፈጽሞ እንዳልሞተ መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ ታየ። በቡራዩ አካባቢ በተፈጸመው ግድያ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች መሆናቸው ሲሰማ በአርባ ምንጭ ቁጣ የገነፈለባቸው ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ተንበርክኮ ሣር የያዘን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ በወጉ ታላቅ ጥፋት ነው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ዜናው በአገሪቱ ሲዳረስ የተወራው ስለ ሰላም ነበር። የሽማግሌዎቹ ዘዴ ግን የድሮው ነው፤ የተቆጣው ወጣት እስኪመጣ አልጠበቁም፣ ራሳቸው ሄደው ያዙት።

ዘመናዊው ሕክምና በተቃራኒው በር ከፍቶ ይጠብቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ አርባ ምንጭ ውስጥም ተመላላሽ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሙ ጎሳ አይጠይቅም፣ የሰማውን ለሌላ አያወራም። ዱቡሻ ላይ መቀመጫ ያልነበራቸው የሸክላ ሠሪና የቆዳ ፋቂ ልጆች እዚህ ወረፋ የሚጠብቁት ከሌላው እኩል ነው።

ጭንቅ የያዘው ወንድ ግን እስከዚህ በር እምብዛም አይደርስም። አገልግሎቱ ወደ ሰው ሲቀርብም እንዲሁ ነው። በዚምባብዌ ሐራሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው አገልግሎት የሠለጠኑ ሴት አያቶችን በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የተጨነቁ ሰዎችን ያዳምጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን አካትቶ ዘዴው እንደሚሠራ አሳየ፤ ከተሳታፊዎቹ ግን እጅግ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። በኢትዮጵያም በአገሩ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ በቀን ሲያንኳኩ የሚያገኙትም እናቲቱን ነው። ባልየው ማሳ ላይ፣ ሽመና ጉድጓድ ውስጥ ወይም ሽሮ ሜዳ ነው። በአንድ ወቅት ቅቤ አናቱ ላይ እስኪያደርግለት ድረስ ተከታትሎ የሚይዘው ሸንጎ ነበር፤ የዛሬው የጤና ሥርዓት ለዚያ ሥራ እስካሁን ሰው አልመደበም።