ሊዝ ወይስ ግዢ? የመኪናው ዋጋ ሲወርድ ኪሳራው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ሊዝ» ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው መሬት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 80 ከወጣ ወዲህ፣ ቃሉ የጨረታ፣ የካሬ ሜትርና የካርታ ቃል ሆኗል። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «መኪናዬን ሊዝ ነው የያዝኩት» ሲል ግን ሌላ ነገር እየተናገረ ነው። ሦስት ዓመት ይነዳል፣ በየወሩ ይከፍላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ «ታዲያ ያ ሁሉ ብር የት ገባ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1908 ገበያ ላይ ሲያወጣ ዋጋዋ 850 ዶላር ገደማ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደች። ፎርድ ሰው መኪና መግዛት ያለበት ገንዘቡን ቆጥቦ ነው ብሎ የሚያምን፣ ዕዳን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። ተፎካካሪው ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የራሱን አበዳሪ ድርጅት አቋቁሞ «ጥቂቱን አሁን ክፈል፣ የቀረውን እየነዳህ ትከፍላለህ» ማለት ሲጀምር፣ ፎርድ በ1923 በሌላ መንገድ መጣ። ገዢው በየሳምንቱ 5 ዶላር ባንክ ያስቀምጣል፤ የመኪናዋ ዋጋ ሲሞላ መኪናዋን ይረከባል። እቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከእቁብ ይብሳል ማለት ይቻላል፤ በእቁብ ቢያንስ ዕጣ መጀመሪያ ሊወጣልህ ይችላል። የፎርድ ደንበኛ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት በእግሩ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ በዱቤ የወሰዳት መኪና አቧራ እያለበሰችው።

እቅዱ አልሠራም። የአሜሪካ ቤተሰብ መጠበቅ እምቢ አለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት መኪኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በየወሩ በሚከፈል ዱቤ የሚገዙ ነበሩ። በ1927 ሞዴል ቲ ከ15 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ ማምረቱ ቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት ፎርድ ራሱ አበዳሪ ድርጅት አቋቋመ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ዱቤ አሸነፈ» ተብሎ ነው። ከዚያ ይልቅ ትልቁ ለውጥ የጄኔራል ሞተርሱ አልፍሬድ ስሎን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ፎርድ አንድ ዓይነት መኪና ለዓመታት ሳይለውጥ ሲሸጥ፣ ስሎን በየዓመቱ አዲስ መልክ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ሞዴል ያወጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ መኪና የሚያረጀው ሞተሩ ሲደክም ብቻ መሆኑ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ሲወጣ ምንም ሳይሆን ያረጃል። ከመሸጫው በር ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ በሦስተኛው ዓመት ጥሩ ድርሻው ሄዷል። የዋጋ መውረድ የንግዱ አካል ሆነ።

ለግለሰብ የሚሰጥ የመኪና ሊዝ ትርጉም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የረጅም ጊዜ ኪራይን በሰፊው ያስጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ለኩባንያዎች በርከት ያሉ መኪኖችን ያከራይ የነበረው የቺካጎው ነጋዴ ዞሊ ፍራንክ እንደሆነ ይነገራል። ወደ ቤተሰብ ጓዳ የገባው ግን ቆይቶ ነው። ትልቁን ግፊት የሰጠው የ1986ቱ የአሜሪካ የግብር ማሻሻያ ሕግ ነው። ቀድሞ የመኪና ብድር ወለድ ከግብር ይቀነስ ነበር፤ ሕጉ ይህን በሂደት አስቀረው። የብድር ጥቅም ሲቀንስ ሻጮች ወርኃዊ ክፍያው አነስ ያለውን ሊዝ ይዘው ብቅ አሉ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መኪናው 30,000 ዶላር ነው እንበል። አከራዩ ከሦስት ዓመት በኋላ 18,000 ያወጣል ብሎ ይገምታል፤ ይህን ቀሪ ዋጋ ውሉ ላይ ይጽፈዋል። ተከራዩ የሚከፍለው ልዩነቱን፣ 12,000ውን፣ በ36 ወር ተካፍሎ ነው፤ በወር 333 ዶላር፣ ከዚያ ወለድና ግብር ይጨመርበታል። የወንድሙ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፦ ገንዘቡ የገባው የገዛም ሰው በሚያጣው የዋጋ መውረድ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የገዛው ሰው ኪሳራውን የሚያየው ሲሸጥ ብቻ መሆኑ ነው።

ግምቱ ከተሳሳተስ? በ2008 የበጋ ወራት ይህ በግልጽ ታየ። በአሜሪካ አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር በላይ ሲገባ ትልልቆቹን መኪኖች የሚፈልግ ጠፋ፣ ዋጋቸው ወደቀ። በሊዝ የያዙ ሰዎች ግን ቁልፉን መልሰው መሄድ መብታቸው ነበር። ፎርድ በዚያ ሩብ ዓመት በሊዝ በወጡ መኪኖች ብቻ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። የክራይስለር አበዳሪ ድርጅት ደግሞ ሊዝ መስጠት ጨርሶ አቆመ። ተመሳሳዩን መኪና በብድር የገዛ ቤተሰብ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ዕዳ ተሸክሞ ቀረ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ከወረርሽኙ በኋላ የቺፕ እጥረት ሲመጣ ያገለገሉ መኪኖች ተወደዱ። ሊዛቸው ያለቀ ሰዎች ውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ገዝተው በገበያ ዋጋ ሲሸጡ አተረፉ። ሊዝ ሲቀንስ የሚመለስ፣ ሲጨምር የሚወሰድ አማራጭ ነው፤ ለዚያ አማራጭ ግን ይከፈላል።

ይህ ማለት ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ ወይም በስልክ ጥሪ የሚሠራ መኪና የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። የተለመደው ሊዝ በዓመት ከ10,000 እስከ 15,000 ማይል ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ያለፈው እያንዳንዱ ማይል በሳንቲም ይቆጠራል። አብዛኞቹ የግለሰብ ውሎች ሰው ጭኖ መሥራትንም ይከለክላሉ። ለእንዲህ ያለ አባወራ ጠንካራ ያገለገለ መኪና ገዝቶ እስኪያልቅ መንዳት ይሻለዋል። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ለምትመለስ እናት ስሌቱ ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድም ግን ይህ ሁሉ አይገባውም፤ እንዳይገባውም ምክንያት አለው። እሱ በኖረበት አገር የመኪና ዋጋ አይወርድም። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላት ቮልስ ገዢ አታጣም። ቪትዝ ገዝቶ አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ቀረጡና የብር መድከም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጊቢው ውስጥ መኪና ያቆመ ሰው ሳይነዳ ብሩ እንዳይቀልጥ አደረገ። እንዲህ ባለ አገር «ቁልፉን አስረክብ» የሚል ውል ቀልድ ይመስላል። የካፒታል ዕቃ ሊዝ አዋጅ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም የታሰበው ለሥራ መሣሪያ እንጂ ለቤተሰብ መኪና አልነበረም።

አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። አዲስ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ የሚገዛው የኤሌክትሪክ ነው። በዚያው በጥር 2016፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 2024፣ ግዙፉ የመኪና አከራይ ኸርትዝ 20,000 ገደማ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን እንደሚሸጥና በዋጋቸው መውረድ 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያጣ አስታወቀ። አምራቾች የአዲሱን ዋጋ በአንድ ጀምበር ሲቀንሱ ያገለገለው አብሮ ይወድቃል። የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ ስሎን በዓመት ያደርገው የነበረውን በወራት ያደርጉታል፤ ረጅም ርቀት የሚሄድ ባትሪ ሲመጣ ያለፈው ዓመቱ ያረጃል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ገዢ ሳያውቀው ወደ ወንድሙ ገበያ እየገባ ነው፤ የወንድሙን አማራጭ ሳይዝ። ባንኩ ሊብሬውን በመያዣነት ይይዛል፣ ብድሩን በሙሉ ከነወለዱ ይቀበላል። አስመጪው ሸጦ ጨርሷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት ያወጣል የሚለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ የሚፈርም የለም። የብር መድከም የባትሪውን እርጅና ይሸፍነው ይሆናል፣ ላይሸፍነውም ይችላል፤ ውርርዱ ግን ሙሉ በሙሉ የቤተሰቡ ነው። ቪትዟን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የተዘጋጀ አባወራ ደላላው ጋ ቢደውል፣ የቪትዟን ዋጋ ሳያስብ ይነግረዋል። አዲሷ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት እንደምታወጣ ቢጠይቀው ግን «ያኔ እንነጋገራለን» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።