የቡና ቁርስ፣ የጥየቃ ዘንቢልና የታማሚ ክብደት፦ የሐዋሳ መክሰስ ታሪክ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በስሟ በሚጠራው ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትቆረቆር፣ ሲዳማዎች አዳሬ ብለው የሚጠሩት ይህ ስፍራ የከብት ግጦሽ ነበር፤ የአካባቢው አመጋገብም ከከብት ርቢ፣ ከእንሰት እርሻና ከረጅም የእግር ጉዞ ጋር አብሮ የተበጀ ነበር። በዚያ ሥርዓት ከዋናው ማዕድ ውጭ የሚቀመሰው ሁሉ፣ መክሰሱም ሆነ የቡና ቁርሱ ወይም ለእንግዳ የሚቀርበው፣ በሥራ የደከመን ሰውነት ለመጠገን የታሰበ እንጂ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተመጠነ አልነበረም። ያ ልማድ በከተማዋ ዕድሜ ውስጥ ተለውጧል፤ ለውጡም በልብ ድካም፣ በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም፣ በስትሮክ ወይም ከስኳር ሕመም በመጣ የእግር ቁስል ምክንያት መንቀሳቀስ ለተሳነው ሰው ከሌላው ሁሉ የከበደ ትርጉም አለው። የእንዲህ ያለው ሰው ክብደት በአብዛኛው የሚወሰነው ከተቀመጠበት ድረስ በሚመጣለት ትሪ ነው፤ ትሪውን የሚያሰናዱት ደግሞ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቶቹና ጠያቂዎቹ በመሆናቸው፣ የታማሚውን ክብደት ታሪክ ከልማዱ ታሪክ ነጥሎ ማንበብ አይቻልም።

የሲዳማ ማዕድ መሠረት እንሰት ነው። እንሰት ሙዝ የሚመስል፣ ነገር ግን ፍሬው ሳይሆን የግንዱ ፍቅፋቂና ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ የሚበላ ተክል ሲሆን፣ ተፍቆና ተቀብሮ ከተብላላ በኋላ ቆጮ፣ በሲዳማዎች አጠራር ዋሳ፣ ይሆናል። ከዋሳ በቅቤ እየታሸ የሚሠራው ቡርሳሜ ከወተት ጋር የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው በፍቼ ጨምበላላ፣ ማለትም በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ ገበታ ከብበው የሚመገቡት እርሱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ መቶ ያህል ካሎሪ ይይዛል፤ ካሎሪ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት የሚለካበት አሐድ ነው። ስለዚህ ቡርሳሜ በጉልበት እጅግ የበለጸገ ምግብ ነው፤ ሆኖም እንሰቱን የምትፍቀው፣ ጉድጓዱን የምትከፍተውና የምትዘጋው፣ ውሃና እንጨት የምትሸከመው ሴት፣ ከብቱን ተከትሎ የሚውለውም ወንድ፣ የበሉትን በዚያው ቀን ይከፍሉት ነበርና፣ ቅቤው በእነርሱ ዘንድ ለክብደት የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

በቡናም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የይርጋለምና የአለታ ወንዶ ቡና አምራች መንደሮች ለሐዋሳ ቅርብ ናቸው፤ በደቡቡ ገጠር ቡናን በጨው ወይም በቅቤ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም በመሆኑ ቡና ያለ ቁርስ አይፈላም ይባላል፤ የቡና ቁርስ የሚባለውም ከሲኒው ጋር የሚቀርበው ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ነው። መክሰስ ደግሞ በምሳና በእራት መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሥር ሰዓት ግድም የሚቀመስ ምግብ ሲሆን፣ በከተማ ኑሮ ሁለቱ በአንድ ሰዓት እየተገናኙ አንድ ሆነዋል። የጥንቱ የቡና ቁርስ ጥርስ የሚያሠራ፣ በዝግታ የሚታኘክና አሠር የበዛበት ነበር፤ አሠር የሚባለው አንጀት የማይፈጨው፣ ሆድን ሞልቶ የጥጋብ ስሜትን የሚያቆይ የእህል ክፍል ነው። ይህ ባሕርዩ ከዚህ በታች ለሚነሣው ጉዳይ ወሳኝ ነው።

ስኳር ወደዚህ ሥርዓት የገባው ዘግይቶ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በአዋሽ ሸለቆ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ስኳር ከባለጸጎች ገበታ ወደ ተራው ሰው ሲኒ የሚወርድበት መንገድ ተከፈተ፤ ሐዋሳም ከስድስት ዓመት በኋላ ስትቆረቆር ከመነሻዋ የስኳር ዘመን ከተማ ሆነች። በዚህ ስፍራ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ስኳሩን ካመረቱት የወንጂ ሠራተኞች መካከል ፍሎራይድ የበዛበትን የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት በመጠጣታቸው የአጥንት ፍሎሮሲስ የያዛቸው፣ ጀርባቸውና አንገታቸው ደርቆ መራመድ ያቃታቸው ነበሩ፤ ይህንንም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በጥናት አሳይተዋል። መንቀሳቀስ የተሳነው ሰው የዘመናችን ብቻ ግኝት እንዳልሆነ፣ ሲሠራ ኖሮ በሥራው ስፍራ የቀረም እንዳለ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከተማዋ ሜዳማ በመሆኗ ለብዙ ዓመታት ብስክሌት የሐዋሳ መለያ ነበር። ከዚያ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ መጣ፤ አጭሩ መንገድ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ተቀምጦ የሚሄዱበት ሆነ። የነዋሪው ቁጥር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ157 ሺህ በላይ ሲደርስ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ፣ ከቤት ውጭ የሚበላውም በዚያው ልክ በዛ። ከፉርኖ ዱቄት የሚሠራ ዳቦ፣ በዘይት የሚጠበሱት ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ፣ እንዲሁም የታሸገ ብስኩት የቆሎውን ስፍራ ወሰዱ፤ በከተማዋ ራሷ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ተተከለ። የጭማቂ ቤቶች ዋና ሸቀጥ የሆነው አቮካዶ በራሱ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በስኳርና በሽሮፕ ተደርቦ በትልቅ ብርጭቆ ሲቀርብ የአንድ ሙሉ ምግብ ጉልበት ይዞ እንደ መጠጥ ይቆጠራል። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ለውጥ በቁጥር አስፍሮታል፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ሲሆኑ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ደርሰዋል፤ በከተሞች ብቻ ሲታይ ደግሞ ከመቶ 21 ሆነዋል።

የአገሪቱ የሥነ ምግብ ተቋማት ግን የተወለዱት ከተቃራኒው ችግር ነበር። በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋ የተባለውን ገንቢ ዱቄት ያዘጋጀው ለከሱ ሕፃናት ነው፤ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥም የጎደለውን ለመሙላት የተሠራ ነበር። ረኀብን ደጋግሞ ባየ አገር መወፈር የጤናና የምቾት ምልክት ሆኖ መቆጠሩ፣ የቆየ ወዳጅም «ወፍረሃል» ሲባል እንደ ምስጋና መስማቱ ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው። ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋባቸው ዓመታት ደግሞ መክሳት ለሐሜት አጋለጠ፤ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስና ከዚያም በኋላ፣ ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ታማሚ ምክሩን ለመፈጸም የፈራው ሰው ምን ይለኛል በሚል ጭምር ነበር። ይህን ፍርሃት እንደ አላዋቂነት መመልከት ስሕተት ነው፤ ከእውነተኛ መከራ የተማሩት ነገር ነውና።

ይህ ሁሉ ታሪክ የሚገናኘው በጥየቃው ዘንቢል ውስጥ ነው። በአዳሬ ሆስፒታልም ሆነ ነዋሪው ሪፈራል እያለ በሚጠራው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ታማሚን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነው። ቀድሞ የሚመጣው በፔርሙዝ የተሞላ አጥሚት ነበር፤ አጥሚት ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት የሚዘጋጅ ቀጭን፣ አንዳንዴም ቅቤና ማር የሚገባበት መጠጥ ሲሆን፣ ለአራስና ከከባድ በሽታ ለሚያገግም ሰው በእርግጥም የተስማማ ነው። ዛሬ በዘንቢሉ ውስጥ የታሸገ ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ ብስኩትና ሙዝ ይገኛል፤ ወደ ቤት የሚመጣው ጠያቂ ደግሞ ስኳርና ቡና ይዞ ይገባል። ጠያቂው በተቀመጠበት ቡና ይፈላል፤ ቡናው ቁርስ ይፈልጋል፤ ታማሚውም ከእንግዳው ጋር ካልቀመሰ ሕመሙ የጠና ይመስላል። «በሞቴ ይቅመሱልኝ» እየተባለ የሚሰጠውን ጉርሻ መመለስ ደግሞ ፍቅርን እንደ መመለስ ይቆጠራል። አጣዳፊ በሽታ ይበዛ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ነፍስ አድኗል፤ በሽተኛው ወይ በሳምንታት ውስጥ ይድን ነበር፣ ወይ ያርፍ ነበርና፣ የሳምንታቱ ማብላት ክፉ ፍሬ የሚያፈራበት ጊዜ አልነበረውም። የልብ ድካም፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ዓመታት ይቆያሉ፤ ጥየቃውም፣ ቡናውም፣ ቁርሱም አብረው ዓመታት ይዘልቃሉ። የሚያሳዝነው ከበሽታው ጋር የሚስማማውን መንገድ ሳያገኝ የቀረው የሰዎች ደግነት መሆኑ ነው።

የሒሳቡን መልክ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ ቢራመድ ወደ 200 ካሎሪ ያወጣል። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ቡና እስከ በረካ ቢጠጣ ሌላ 100 ያህል ይጨመራል። መራመድ ለማይችለው ሰው እንግዲህ ይህ ጤናማው ሰው በአንድ ሰዓት ጉዞ የሚያወጣውን የሚያህል ነው፤ ጥርስ ስላልነካውም የጥጋብ ስሜት ሳይሰጥ ያልፋል። አንድ እፍኝ ቆሎ ቢሆን ግን ወደ 110 ካሎሪ ቢይዝም ረጅም ጊዜ ይታኘካል፣ ሆድም ይይዛል። እንቅስቃሴ ሲታገድ ሰውነት የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ እንዲያውም ብቸኝነትና ሥራ መፍታት፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒትም ጭምር፣ ፍላጎቱን ያንረዋል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ክብደት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በሁለት ኪሎ ቢጨምር የተጠራቀመው ውሃ እንጂ ስብ አይደለምና፣ ምግብ መቀነስ ሳይሆን ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያሻል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው በጨው የሚጠጣው ቡናና ጨው የተነሰነሰበት ቆሎ ከስኳሩ ባልተናነሰ ይጎዱታል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ሲወርድበት የሚቀምሰው ጣፋጭ መድኃኒቱ ነውና ከአጠገቡ ሊጠፋ አይገባም። በጠቅላላውም ታማሚን በማስራብ ክብደቱን መቀነስ ጡንቻውን ይበላዋል፤ ጡንቻው ያለቀ ሰው ደግሞ ከወንበሩ የመነሣት ተስፋው ይበልጥ ይጠባል።

የተሻለው መንገድ በልማዱ ውስጥ አለ። ከሐይቁ ወጥቶ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ ሥጋው በፕሮቲን የዳበረ፣ ስቡ እጅግ ያነሰ ዓሣ ነው፤ በዘይት ተጠብሶ ሲቀርብ ይህ ጠባዩ ይለወጣል፣ በሾርባ መልክ ግን ጥርስ ለሌለው አረጋዊ እንኳ የሚሆን መክሰስ ነው። በካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ተባባሪነት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩት የጥራጥሬ ጥናት በዋነኛነት ያተኮረው ምግብ በጎደላቸው እናቶችና ሕፃናት ላይ ነበር፤ ነገር ግን የሽምብራና የቦሎቄ ንፍሮ ጉልበቱ መጠነኛ፣ ፕሮቲኑና አሠሩ የበዛ በመሆኑ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ከዳቦና ከብስኩት ይልቅ ይስማማል። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬና አትክልት እንዲዘወተር፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት እንዲቀነስ ይመክራል። ይህን ምክር በቤት ውስጥ የሚፈጽሙት ግን እጅ ያላቸው ናቸው፤ ምጣዱን የምትጥደው አስታማሚ፣ ስኳሩን ከረከቦቱ አርቃ ለፈለገ ብቻ የምታቀርበው ቡና አፍይ፣ በለስላሳው ፋንታ ብርቱካን ወይም የወር አስቤዛ ሽምብራ ይዞ የሚመጣው ጠያቂ። በክሊኒክ የሚሰጠው የክብደት ምክር ታማሚውን ብቻ ከሐኪሙ ፊት አስቀምጦ የሚነገር ሲሆን ለማያበስለው ሰው የተነገረ ይሆናል፤ አስታማሚዋ በዚያው ክፍል ተገኝታ፣ በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ በምትሰማው ቋንቋ፣ ስለ ቡናው ቁርስ፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳር ልትጠየቅና ልትነገር ይገባል።