ለሩቅ ቅርብ፣ ለቅርብ ሩቅ፦ አማተር ሬዲዮና የአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ የተላከ ድምፅ ቶኪዮ ላይ ጥርት ብሎ እየተሰማ አምቦ ላይ ጭራሹን የማይደመጥበት ጊዜ አለ። አምቦ ከዋና ከተማዋ በመኪና መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአየር ሲለካ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም በሙያው ላሉ ሰዎች የታወቀ ሐቅ ነው። የአማተር ሬዲዮ በኢትዮጵያ ያለፈበት ታሪክ ሲመረመርም ይኸው ጠባይ በማሽኑ ብቻ ሳይሆን በሰዎቹም ዘንድ ይገኛል።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ የተሰጣቸው ግለሰቦችና ክበቦች ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና እርስ በርስ ለመገናኘት የሚያካሂዱት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በዋሽንግተን የተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ለዚህ አገልግሎት የሞገድ ክልሎችን ለይቶ ሰጠ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች፤ ለጣቢያዎቿ መጠሪያ መነሻም «ኢ.ቲ.» የሚሉት ፊደላት ተመደቡላት። በዓለም ዙሪያ ላሉ አማተሮች እነዚህ ሁለት ፊደላት እንደ ብርቅ ቴምብር ናቸው፤ ብዙ ዘመን ጠብቆ አንድ ጊዜ እንኳ የሰማ ሰው በመዝገቡ ላይ በደስታ ያሰፍራቸዋል።

የቴምብሩ ምሳሌ ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። በአሜሪካው የአማተሮች ማኅበር የአገሮች ዝርዝር መሠረት ከአሥመራ ጋር የተደረገ ግንኙነት እስከ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ድረስ ለኤርትራ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ለኢትዮጵያ ይሆናል፤ ከግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እንደገና ለኤርትራ ይመለሳል። የፌዴሬሽኑ መፍረስና የኤርትራ ነፃነት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሞተባቸው ጉዳዮች፣ በሰብሳቢው መዝገብ ላይ የአምድ ለውጥ ሆነው ይታያሉ። በቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካውያን አማተሮች በ«ኢ.ቲ.3» መጠሪያ ሲሠሩም ወደ ውቅያኖሱ ማዶ የሚሄደው ድምፅ የበለጠ ተፈላጊ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ መጠሪያው «ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.»፣ በአምስት ኪሎ የምሕንድስና ቅጥር ግቢ ተተክሎ ለተማሪዎች መለማመጃ ሆነ። ይህ ጣቢያ በውድድር ጊዜ ብቅ ሲል የሚሆነውን ማየት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው «ሲኪው» የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለ48 ሰዓት በስድስት የሞገድ ክልሎች ይካሄዳል፤ በጥቅምት መጨረሻ በድምፅ፣ በኅዳር ደግሞ በሞርስ። ነጥቡ በተገኙት አገሮችና ቀጣናዎች ብዛት ስለሚባዛ ኢትዮጵያን ያጣ ተወዳዳሪ ሁሉ ይጠራታል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። በዚያ ጩኸት መካከል አንዱን ለይቶ መስማት፣ ሳይሳሳቱ መመዝገብና ሌላውን ማስታገሥ ለወጣት መሐንዲስ ከየትኛውም ቤተ ሙከራ የማይገኝ ሥልጠና ነው።

ይሁን እንጂ በውድድሩ ደንብ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከሌላ አህጉር ጋር መገናኘት ሦስት ነጥብ፣ በአፍሪካ ውስጥ ካለ ሌላ አገር ጋር አንድ ነጥብ ያስገኛል። ከገዛ አገር ጣቢያ ጋር የሚደረግ ግንኙነት ግን ለማባዣነት ከመቆጠሩ በቀር ነጥቡ ዜሮ ነው። አምስት ኪሎ ያለው ተማሪ አምቦን ቢያገኝ በጨዋታው ሚዛን ያገኘው እዚህ ግባ አይባልም።

በሥራው ሚዛን ግን ከቶኪዮ የከበደው ይህ ነው። ከፍ ባለ ድግግሞሽ ቀጥታ እንዳይሄድ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚረዝመው ወጨጫ መካከል ላይ ቆሟል። በ14 ሜጋኸርዝ ቢሞከር ሞገዱ በአዮኖስፌር ተመልሶ ከመውረዱ በፊት አምቦን፣ ነቀምቴንም አልፎ ይሄዳል። መፍትሔው ወደ 7 ወይም ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብሎ ሞገዱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ መላክ ነው፤ የላይኛው ንብርብር 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ለአምቦ የሚያስፈልገው ማዕዘን ከ80 ዲግሪ አያንስም። ለሩቅ ግንኙነት አንቴና ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ለዚህ ግን 20 ሜትር ሽቦ ከመሬት አራት ወይም አምስት ሜትር ላይ ቢዘረጋ ይበቃል። ርካሹ አንቴና የተሻለ የሚሆንበት አጋጣሚ በምሕንድስና ብዙ አይደለም።

በተጨማሪም አገሪቱ ያለችው የምድር መግነጢስ ወገብ በሚያልፍበት አካባቢ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በመግነጢስ ወገብ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የላይኛው ንብርብር ወደ ላይ ይነሣና ይበጣጠሳል፤ ድምፁም ይርገበገባል፣ ይጠፋል። የአውሮፓ መጻሕፍት የሚሰጡት የሰዓት ሠንጠረዥ እንዳለ ሊቀዳ የማይችለው ስለዚህ ነው።

ከቤት ወጥቶ ከሜዳ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካውያን «የሜዳ ቀን» የሚሉትን እ.ኤ.አ. በ1933 ጀመሩ፤ ዓላማውም የኤሌክትሪክና የስልክ መስመር በሌለበት መሥራትን ማስለመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ከተራራ ጫፍ የመሥራት እንቅስቃሴ ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መቶኛ ዓመት ሲከበር የተደረገው ዘመቻ ደግሞ ከፓርኮች መሥራትን ቋሚ ልማድ አደረገው። በዚህ ልማድ በአንድ ቀን አሥር ግንኙነት ያደረገ ፓርኩን «አነሣው» ይባልለታል። አሥሩ ከየትም ቢመጡ ዋጋቸው እኩል ነው፤ አምቦና አዲስ አበባ ከቶኪዮ ጋር የሚስተካከሉበት ደንብ በመጨረሻ እዚህ ተገኘ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የአምቦ መንገድ የታደለ ነው። ከሆለታ በስተደቡብ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጊንጪ አጠገብ ጭሊሞ ከነጽዱና ከነዝግባው ቆሟል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ የደንዲ ሐይቅ፣ ወረድ ብሎም በደቡብ ምዕራብ ሸዋ የወንጪ ሐይቅ፣ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሱ የእሳተ ገሞራ አፋፎች ተከበው ይገኛሉ። አፋፉ ለሩቅ፣ የጭሊሞ ጽድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ለሚዘረጋው ሽቦ ይስማማል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ስንት ሥራ በአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ታየ። እርግጥ አማተር የሌላውን ሰው መልእክት እንዳሻው ማስተላለፍ አይችልም፤ ፈቃዱ ከነገደቡ ነው። ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት መንገዱንና ምሰሶውን አንድ ላይ ቢወስድ ግን በመኪና ባትሪ፣ በ20 ሜትር ሽቦና በ7 ሜጋኸርዝ ከጊንጪ አዲስ አበባን መጥራት የሚችል ሰው የሚገኘው አስቀድሞ ከተለማመዱት መካከል ነው። ልምምዱን በረፋዱ፣ ፀሐይ ንብርብሩን ካሞቀችው በኋላ መጀመር ይሻላል፤ የማታው ሙከራ ለሁለተኛው ቀን ቢቆይ ይመረጣል።